ሄክቶርን የገደለው ይሉኝታ ነው

ግሪኮች የትሮይን ከተማ የወጉበት፣ ገጣሚው ሆሜር በኢሊያድ የተረከው የትሮይ ጦርነት ሲነሳ ሰው ሁሉ የግሪኮቹን ጀግና አኪለስ፣ አኪለስ ይላል። እኔ ግን ልቤ ሁሌም ከሄክቶር ጋር ነው። የንጉሥ ፕሪያም ልጅ፣ የከተማዋ አለኝታ። ጦርነቱን ያመጣው እሱ አይደለም፤ የሰው ሚስት ሄለንን ይዞ የመጣው ወንድሙ ፓሪስ ነው። ፓሪስ ደግሞ ውጊያው ተፋፍሞ ሰው በሚያልቅበት ሰዓት መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የጦር መሣሪያውን ሲነካካ ነው ሄክቶር የደረሰበት። እኔ ብሆን እዚያው ነበር የምጨርሰው።

ሄክቶር ከዚያ ወጥቶ ሚስቱን ፍለጋ ይሄዳል። አንድሮማኬን ከተማዋ በር ላይ ያገኛታል፣ ልጃቸውን ሞግዚቷ ይዛዋለች። አባቷንና ሰባት ወንድሞቿን የገደለባት አኪለስ ነውና የቀራት ባሏ ሄክቶር ብቻ ነው። አልቅሳ ለመነችው፤ ይሄን ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚረሳው ግን ምክሯ ነው፦ ግንቡ በሾላው ዛፍ በኩል ለመውጣት ቀላል ነው፣ ጦሩን እዚያ አቁም አለችው። ሴትዮዋ ስፍራውን በደንብ አይታዋለች! የሱ መልስስ? የትሮይን ወንዶችና ሴቶች አፍራለሁ አላት። በዚያው ንግግሩ ትሮይ አንድ ቀን እንደምትጠፋ ልቤ ያውቀዋል ይላል። እያወቀ ማለት ነው። ከዚያ ልጁን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ሕፃኑ የራስ ቁሩን ጎፈር አይቶ ደንግጦ አለቀሰ። ሁለቱም ሳቁ፣ ሄክቶር ቁሩን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠና ልጁን ሳመው።

ቆይቶ ሄክቶር የአኪለስን የልብ ጓደኛ ፓትሮክለስን ገደለ፣ አኩርፎ ከውጊያው ርቆ የነበረው አኪለስም ተቆጥቶ ወደ ጦርነቱ ተመለሰ። በዚያች ምሽት ፖሊዳማስ የሚባል ጓደኛው፣ ከሄክቶር ጋር በአንድ ሌሊት የተወለደ ሰው ነው፣ ጦሩን ይዘን ከተማ እንግባ ብሎ መከረ። ሄክቶር እምቢ አለ፤ ወታደሩም አጨበጨበለት። በማግስቱ ስንቱ አለቀ።

የተረፉት ሮጠው ከበሩ ሲገቡ ሄክቶር ብቻውን ውጭ ቀረ። አባትና እናቱ ከግንቡ ላይ ሆነው ግባ እያሉ ይለምኑታል። እሱ የሚያስበው ምን መሰላችሁ? ብገባ መጀመሪያ የሚወቅሰኝ ፖሊዳማስ ነው፣ በእልሁ ሕዝቡን አስጨረሰ ይሉኛል። በሩ ክፍት ነው እኮ! ይሉኝታ ይሄን ያህል ይገድላል። ለአፍታ ደግሞ መሣሪያዬን ጥዬ ሄለንን ብመልስላቸውስ ብሎ አሰበ፣ ግን እንደማይሆን ገባው።

አኪለስ ሲቀርብ ሄክቶር ሮጠ። አዎ፣ ሮጠ፤ ያ ሁሉ ጀግና። ሰላም በነበረበት ጊዜ ሴቶች ልብስ ያጥቡባቸው በነበሩት ምንጮች አጠገብ እያለፉ ከተማዋን ሦስት ጊዜ ዞሯት። እኔ የምወደው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም የማይፈራ ሰው ቢሆን ኖሮ መቆሙ ምኑ ይገርማል? በመጨረሻ ግሪኮቹን የምትረዳው ሴት አምላክ አቴና ወንድሙን ዴይፎበስን መስላ አጠገቡ ቆመችና አይዞህ አለችው። እሱም አምኗት ቆመ፣ ጦሩን ወረወረ፣ የአኪለስ ጋሻ መለሰበት። ሌላ ጦር አቀብለኝ ብሎ ሲጣራ ዴይፎበስ የለም። ሰይፉን መዝዞ ገባበት። ከፓትሮክለስ ሬሳ ላይ የገፈፈውን የአኪለስን ጥሩር ነበር የለበሰው፤ አኪለስም የገዛ ጥሩሩ የት ጋ እንደሚሳሳ አይቶ ጉሮሮውን ወጋው።

በዚያች ሰዓት አንድሮማኬ ቤት ውስጥ ሸማ እየሠራች ነበር። ሲመለስ ገላውን የሚታጠብበት ውሃ እንዲሞቅ አዝዛለች።

ፕሪያም በሌሊት ከጠላት ድንኳን ሄዶ የልጁን ገዳይ እጅ ስሞ ሬሳውን አመጣ። ሆሜር ኢሊያድን የሚዘጋው በዚህ ቀብር ነው። ሙሾ ካወረዱት ሴቶች የመጨረሻዋ ሄለን ናት፣ የመከራው ሁሉ ሰበብ የተባለችው። በዚህ ሁሉ ዓመት ከአንተ አንድም ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም ብላ አለቀሰችለት።