ዳፍኒያ ስቆጥር ዋልኩ

ዛሬ ላቦራቶሪ የዋልኩት ከዳፍኒያ ጋር ነው። ለማታውቋት፣ የሩዝ ፍሬ እንኳ የማታክል፣ ኩሬ ውስጥ እየዘለለች የምትዋኝ ፍጥረት ናት። ሰውነቷ ብርሃን ያሳልፋል። ማይክሮስኮፕ ስር ልቧ ሲመታ፣ የበላችው አረንጓዴ አልጌ አንጀቷ ውስጥ ሲሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የምንፈትሸው ከአቃቂ ወንዝ የተቀዳ ውሃ ምን ያህል መርዛማ እንደሆነ ነው። ውሃውን በንጹህ ውሃ በየደረጃው አቅጥነን፣ በየብርጭቆው ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው 5፣ 5 ግልገሎች ጨምረን ነበር። 48 ሰዓት ሲሞላ ቆጠራ ነው። ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልዋኘች "ቆማለች" ተብላ ትመዘገባለች።

ንጹህ ውሃ ውስጥ ያሉት ሽር ጉድ ይላሉ። ያልቀጠነው ውስጥ ያሉት ግን ሁሉም ታች ተኝተዋል። የአንዷ ልብ ገና ይመታል፤ የምትቀዝፍባቸው አንቴናዎቿ ግን እምቢ ብለዋል። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችው።

ማሽን ውሃው ውስጥ ያለው ክሮሚየም (ቆዳ ማልፊያ ላይ የሚውል ብረት) ይህን ያህል ነው ይላል። ከሳሙናው፣ ከቀለሙ፣ ከፀረ ተባዩ ጋር ሲደባለቅ ሕይወት ያለው ነገር ላይ ምን እንደሚያደርስ ግን የምትነግረን እሷ ናት። ደግሞ ወጪዋ ትንሽ ነው፤ ሲመቻት ያለ ወንድ ትራባለች (ቀልድ አይደለም)። በዚሁ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ የሚለማበት ማሳ አለ። ነገ ወንዙ ዳር ካሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ወደ ላይ የተቀዳውን ውሃ እንጀምራለን።