ትርፍ መዝገብ ላይ፣ ገንዘቡ ሰው እጅ

ባለፈው ሳምንት የደሞዝ ቀን ሳያስጨንቀኝ አለፈ። ስምንት ወር ታግዬበታለሁ። እንደ እኔ ትንሽ ድርጅት የምትመሩ ደስታዬ ይገባችኋል።

ጅማሬውን በአጭሩ ልለፈው። የግሌንና የድርጅቱን የባንክ ሂሳብ ለየሁ። ለራሴ ቁርጥ ያለ ደሞዝ አስቆረጥኩ። ከደንበኛ የምንሰበስበው የሽያጭ ታክስ የእኛ ገንዘብ ስላልሆነ ሌላ ሂሳብ ከፈትኩለት። ይህ ሁሉ አንድ ወር አልፈጀም።

መከራዬን ያበላኝ ሌላ ነው። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ትርፍ ያሳያል፤ ባንክ ግን ለደሞዝ የሚበቃ የለም። ሽያጩ የሚመዘገበው ሥራውን ስናስረክብ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ደንበኛው ሲከፍል ነው። ለብድር የምንመልሰው ዋናው ገንዘብም ከባንክ ይወጣል እንጂ እንደ ወጪ ተቆጥሮ ትርፉን አይቀንስም። አካውንታንታችን ይህን ደጋግማ ነግራኛለች። የገባኝ ግን ኤክሴል ላይ የ13 ሳምንት የገንዘብ ፍሰት ሰንጠረዥ ስሠራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ዓምድ። ከላይ በእጅ ያለው፣ ቀጥሎ የሚገባው፣ ከዚያ የሚወጣው፣ ከታች የሚተርፈው። የተረፈው ለቀጣዩ ሳምንት መነሻ ይሆናል። በወር የሚሠራ ሰንጠረዥ ለእኛ አይነቱ ድርጅት አይረባም ባይ ነኝ። በወሩ መጨረሻ ሞልቶ የሚታይ ሂሳብ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ወር ሙሉ ግን ሰንጠረዡ ከባንኩ ጋር አልገጥም አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ገቢውን የምሞላው ለደንበኛ በምንልከው የክፍያ መጠየቂያ ላይ በተጻፈው የ30 ቀን ገደብ ነበር። አንድ ቀን ተሰብሳቢውን፣ ማለትም ደንበኞች ገና ያልከፈሉንን ገንዘብ፣ ለዓመቱ የዱቤ ሽያጭ አካፍዬ በ365 አባዛሁት፤ ውጤቱ ደንበኞች ለመክፈል በአማካይ ስንት ቀን እንደሚወስዱ ይነግራል። 91 ቀን ወጣ! የዓመቱ የዱቤ ሽያጫችን ሩብ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። አሁን የምሞላው የየደንበኛውን ያለፉ አምስት ክፍያዎች አይቼ ነው። ውሉ የሚለውን ትቼ ልማዱን እከተላለሁ።

ክፍያ ለማፋጠን ብዬ በ10 ቀን ለከፈለ 2 በመቶ ቅናሽ ሰጥቼም ነበር። ቅናሹን የወሰዱት ድሮም በ30 ቀን የሚከፍሉት ናቸው። የሚያዘገዩት ዞር ብለውም አላዩት። ገንዘብን 20 ቀን ለማስቀደም 2 በመቶ መተው በዓመት ሲሰላ ወደ 37 በመቶ ወለድ ይደርሳል። ሳላሰላ አምስት ወር ሰጠሁ። እባካችሁ መጀመሪያ አስሉ።

ለእኛ የሠራው መጠየቂያውን ሥራውን ባስረከብንበት ዕለት መላክ ነው። ድሮ ወር እስኪሞላ አከማቸው ነበር። ለአዲስ ደንበኛ ደግሞ ያለ ቅድመ ክፍያ ሥራ አንጀምርም። ገደቡ ሳምንት ሲቀረው መደወልም ይረዳል።

መደወሉን ስመክር ግን እኔ ራሴ አንድ ቦታ ላይ ይሉኝታ ይዞኛል። ትልቁ ደንበኛችን የተሰብሳቢውን 40 በመቶ ይዟል። ገደቡ ካለፈ ሁለት ወር ሆነው። መጀመሪያ ሥራ የሰጠን እሱ ስለሆነ አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። ሰንጠረዡ ላይ 9ኛው ሳምንት ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ካልከፈለ 10ኛው ሳምንት ከዜሮ በታች ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮው እሄዳለሁ።