ሁላችንም ቢ ብለናል እኮ!

«ያቺ የዘር ሐረግ ጥያቄ ስንት መጣልህ?»

«ግማሽ።»

«ተመስገን! እኔም።»

ከባድ የባዮሎጂ ፈተና እንዳለቀ መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ነው። ሦስተኛው ይመጣል፣ እሱም ግማሽ። አራተኛዋ ዝም ትላለች። ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ሁለት ሦስተኛ ነው ያልኩት» ስትል ሁሉም ዞር ብለው ያዩዋታል። «እንዴ! ሁላችንም ቢ ብለናል እኮ፣ ግማሽ!» በቃ፣ አለቀላት። በትክክል የሠራቻቸውን ጥያቄዎች ሁሉ መጠራጠር ትጀምራለች።

እኔ ባዮሎጂ አስጠናለሁ፤ ይህ ጭቅጭቅ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ማዮሲስ (የዘር ሴሎች ስለሚሠሩበት የሴል ክፍፍል) ሳወራ ሲያዛጉ የነበሩ ልጆች በዚያች ሰዓት አንገት ለአንገት ተናንቀው ስለ ክሮማቲድ (የተባዛ ክሮሞሶም ስላሉት ሁለት ቅጂዎች) ይከራከራሉ። የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ነው፤ መልስ ሲያመሳክሩ ድምፅ ነው የሚቆጥሩት። ብዙ ሰው ያለው መልስ አሸነፈ ይባላል። ሰቃዩ ልጅ ከተስማማበት ደግሞ ይግባኝ የለም።

እስቲ ያቺን ጥያቄ እንያት። እናትም አባትም አልቢኒዝም፣ ማለትም ቆዳና ፀጉር ቀለም የሚያጣበት የዘር ሁኔታ፣ የለባቸውም። ወንዱ ልጃቸው ግን አለበት። እህቱ የለባትም። እህትየው የጂኑ ተሸካሚ፣ ማለትም ጂኑን ይዛ ግን የማይታይባት፣ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው? ነገሩ በሪሴሲቭ ጂን፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልመጣ በማይታይ ጂን፣ የሚመጣ ስለሆነ (እሱን ስሞል ኤ፣ ጤነኛውን ካፒታል ኤ እንበላቸው) ልጁ ከሁለቱም ወላጆቹ አንዳንድ ስሞል ኤ ወስዷል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ናቸው። ፐኔት ስኩዌር (የወላጆችን ጂኖች የሚያጣምረው ሰንጠረዥ) ሲሠራ አራት ሳጥን ይወጣል፤ አንዱ ሁለቱም ካፒታል፣ ሁለቱ ካፒታልና ስሞል፣ አንዱ ሁለቱም ስሞል። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁለት ከአራት ይልና ግማሹን አጥቁሮ ያልፋል።

ጥያቄው ግን ስለ ልጅቷ አንድ ነገር አስቀድሞ ነግሮናል። አልቢኒዝም የለባትም። እንግዲያው አራተኛው ሳጥን እሷን አይመለከታትም፣ ሰርዙት። ሦስት ቀረ። ከሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። ሁለት ሦስተኛ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የተናገረችው ልጅ ናት ትክክል።

ጥያቄው «ወደፊት የሚወለደው ልጃቸው ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው» ቢል ኖሮ ግን ግማሽ ያሉት ልጆች ልክ ነበሩ፣ ምክንያቱም ስላልተወለደ ልጅ የምናውቀው ነገር የለም፣ አራቱም ሳጥን ይቆጠራል። ስለዚህ «ስንት መጣልህ» ከማለት በፊት «ጥያቄው ምን ነበር ያለው» መባል አለበት። ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ግን በር ላይ አይገኝም፤ ሁሉም የሚያስታውሰው መልሱን እንጂ ጥያቄውን አይደለም።

ፈተና አውጪዎች ደግሞ ጨዋታውን ያውቁታል። የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው በዘፈቀደ አይጻፉም፤ ተማሪው የት ጋ ሊሳሳት እንደሚችል ታስቦ ነው የሚጻፉት። ያቺው ልጅ ተሸካሚ የሆነ ሰው ብታገባ የመጀመሪያ ልጃቸው አልቢኒዝም የሚኖርበት ዕድል ስንት ነው የሚል ተከታይ ጥያቄ ሲመጣ፣ መልሱ 2/3 ሲባዛ በ1/4፣ ማለትም 1/6 ነው። ቀድሞ ግማሽ ያለው ልጅ ደግሞ 1/8 ያገኛል። 1/8 ምርጫው ውስጥ ከሌለ ፈተና አውጪው እንቅልፍ ላይ ነበር ማለት ነው። አለች፣ ትጠብቀዋለች። ልጁም መልሱን ምርጫው ውስጥ ስላገኘው ልቡ ይሞላል፣ ውጭ ወጥቶም ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሚናገረው እሱ ነው።

ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት ፎቶሲንተሲስም ላይ እንደዚሁ ነው። የሚወጣው ኦክሲጅን ከየት ነው የመጣው ሲባል ግማሹ ክፍል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላል። ስሙ ውስጥ ኦክሳይድ ስላለ ያባብላል። ከውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ሳሙኤል ሩበንና ማርቲን ኬመን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከባዱን የኦክሲጅን ዓይነት፣ ኦክሲጅን 18ን፣ እንደ ምልክት ተጠቅመው ውሃ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ጋዝ ሆኖ ሲወጣ አሳይተዋል። እዚህ ላይ ሃያ ሰው ቢጮህም ለውጥ የለም።

የማዮሲሱ ግን ትንሽ ያሳዝነኛል። የሰው ሴል ማዮሲስ አንድን፣ የመጀመሪያውን ክፍፍል፣ ሲጨርስ እያንዳንዱ ሴል ስንት ክሮሞሶም ይኖረዋል? አንዱ 23 ይላል፣ ሌላው 46፣ ሊደባደቡ ይደርሳሉ። መልሱ 23 ነው። ግን እያንዳንዱ ክሮሞሶም ገና ሁለት ክሮማቲድ ይዟል፤ 46 ያለው ልጅ ክሮማቲዶቹን ነው የቆጠረው። ሥዕሉን አሳምሮ ያውቀዋል፣ ቆጠራው ነው የሳተው። «ተሳስተሃል» ተብሎ ከሚታለፍ «ምኑን ነው የቆጠርከው?» ቢባል በአንድ ደቂቃ ይገባው ነበር።

ብዙ ሰው ስለተስማማ ብቻ እንዳታምኑ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ባዮሎጂ አይደለም ግን ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካው የኤስኤቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሒሳብ ክፍል ላይ አንድ ጥያቄ ነበር። አንድ ትንሽ ክብ በትልቅ ክብ ዙሪያ ይንከባለላል፤ የትልቁ ሬዲየስ የትንሹ ሦስት እጥፍ ነው፤ ትንሹ ስንት ጊዜ ይሽከረከራል? ፈተና አውጪዎቹ 3 ብለው ያዙት። ትክክለኛው 4 ነው፣ ያውም ምርጫው ውስጥ ጭራሽ የለም። ከተፈተኑት ወደ 300,000 ተማሪዎች ውስጥ «ጥያቄው ስህተት አለበት» ብለው የጻፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። በኋላ ጥያቄው ከውጤት እንዲወጣ ተደረገ። እነዚያ ሦስት ልጆች ፈተናው እንዳለቀ በር ላይ ምን እንደተባሉ መገመት አያቅትም።

ሌላው በር ላይ የማይጠፋው ልቅሶ «መጀመሪያ ትክክሉን አጥቁሬ ነበር፣ ቀየርኩት እንጂ!» የሚለው ነው። ይህን ተከትሎ «የመጀመሪያ መልስ አይቀየርም» የሚል ምክር ይወርዳል። ምክሩ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 ክሩገር፣ ዊርትዝና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ላይ የተሰረዙና የተቀየሩ መልሶችን ቆጥረው ነበር። ከተቀየሩት 51 በመቶው ከስህተት ወደ ትክክል የሄዱ ናቸው፤ ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱት 25 በመቶ ብቻ ናቸው። ግን ቀይሮ የተሳሳተ ሰው ስለሚቆጨው አይረሳውም፣ ቀይሮ ያገኘው ደግሞ ትዝም አይለው። ስለዚህ በር ላይ የምትሰሙት የተቃጠሉትን ነው።

የቡክሌት ኮድ ነገርማ አይወራም። የአንዱ 34ኛ ጥያቄ የሌላው 12ኛ ነው፣ የምርጫውም ቅደም ተከተል ሊለያይ ይችላል፤ እነሱ ግን «34 ስንት አልክ?» «ሲ!» «እኔ ዲ!» እየተባባሉ ፊታቸው ይገረጣል። የሁለት የተለያየ ጥያቄ መልስ እያመሳከሩ እኮ ነው!

እኔ ጋ የሚመጡትን አታመሳክሩ አልላቸውም፣ ብላቸውም አይሰሙኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃቸው፤ ፊደሉን ትተው ምክንያቱን እንዲነግሩኝ። «ለምን ቢ?» ሲባል «እንጃ፣ ግን እሱ መሰለኝ» ካለ በግምት ነው የሞላው፣ የሱን መልስ ከሂሳብ አውጡት። በምክንያት የሚናገር ከተገኘ አንድ ሰው ቢሆንም እሱን ስሙት። «ፈተናው ከብዶናል፣ አለቀልን» ለሚሉትም የምለው አለ። ከባድ ሲሆን ለሁሉም ነው የከበደው፣ ብዙ ትልልቅ ፈተናዎች ደግሞ ያገኛችሁትን ልክ ብዛት ወደ መጨረሻው ውጤት ሲቀይሩ የፈተናውን ክብደት ግምት ውስጥ ያስገባሉ። አንዳንዶቹ ውስጥ እንዲያውም ለሙከራ ብቻ የገቡ፣ ነጥብ የሌላቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛችሁ ጥያቄ ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ነገ ኬሚስትሪ ያላችሁ ልጆች ግን ዛሬ ማታ ግሩፑን ድምፅ አጥፉበት። «ትክክለኛው የመልስ ቁልፍ» ተብሎ የሚዞረውን ፎቶም አትክፈቱት፣ ማን እንደሠራው አይታወቅም፣ ለየትኛው ኮድ እንደሆነም አይታወቅም። የባዮሎጂውን ክርክር የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በኋላ እንቀጥለዋለን፣ የተከራከራችሁበትን ጥያቄ ሳትረሱት ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ጥያቄውን ነው ያልኩት፣ መልሱን አይደለም።