ጣና ዳር ላይ የእንግሊዝኛን ግሥ በአሁን ጊዜ ማርባት

ባሕር ዳር ውስጥ ጎብኚዎችን በጀልባ ለሚያዘዋውሩ ወጣቶች አመሻሽ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሰዋስው ክፍሎች ሁሉ ደጋግመን የምንመለስበት የአሁን ጊዜ የግሥ እርባታ ነው። ተማሪዎቼ ሲምፕል ፕረዘንትን፣ ፕረዘንት ኮንቲኒዩስን፣ ፕረዘንት ፐርፌክትንና ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስን በስማቸው ከትምህርት ቤት ሸምድደው መጥተዋል፤ ይሁን እንጂ ጀልባው ላይ ቆመው ሲያስረዱ የትኛውን መምረጥ እንዳለባቸው ይጠፋቸዋል። በእኔ አስተያየት የሚያስቸግራቸው እርባታው ሳይሆን ምርጫው ነው።

እርባታውማ ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። እኛ «እቀዝፋለሁ፣ ትቀዝፋለህ፣ ትቀዝፊያለሽ፣ ይቀዝፋል፣ ትቀዝፋለች፣ እንቀዝፋለን፣ ትቀዝፋላችሁ፣ ይቀዝፋሉ» እያልን በየመደቡ ስንለውጥ፣ እንግሊዝኛ በሲምፕል ፕረዘንት «ሮው» እና «ሮውዝ» በሚሉ ሁለት ቅርጾች ብቻ ይጨርሳል። የኋለኛው ለነጠላ ሦስተኛ መደብ፣ ማለትም ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት» ነው። ባለቤቱ ራሱ ማን እንደሚቀዝፍ ስለሚናገር፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤስ» ትርፍ ትመስልና ከአፍ ትወድቃለች። በአሉታና በጥያቄ ደግሞ «ኤስ»ን ረዳቱ «ደዝ» ስለሚወስዳት «ሂ ደዝ ኖት ሮው» እንላለን እንጂ «ሂ ደዝ ኖት ሮውዝ» አንልም። ድምፅዋም እንደ ቀዳሚዋ ድምፅ ይለያያል፤ «ዎክስ» ላይ «ስ»፣ «ሮውዝ» ላይ «ዝ»፣ «ዎችኢዝ» ላይ «ኢዝ» ናት።

ዋናው ፈተና ሌላ ነው። አማርኛው «ይቀዝፋል» የዘወትር ልማድንም፣ አንዳንዴ አሁን የሚሆነውንም፣ የነገን ቀዘፋም ሊገልጽ ይችላል፤ እንግሊዝኛው ግን ልማዱንና አሁን ዓይናችን ፊት የሚሆነውን በጥብቅ ይለያል። ከተማሪዎቼ አንዱ ደንገል ታንኳ ላይ ያለውን ሰው እያመለከተ «መምህር፣ ታዲያ እሱን ምን ልበለው?» ብሎኝ ነበር። ለእንግዳው አሁን የሚያየውን ሲያሳይ በፕረዘንት ኮንቲኒዩስ «ሂ ኢዝ ሮዊንግ»፣ የሰውየውን መተዳደሪያ ሲናገር «ሂ ሮውዝ» ይበል። «ዘ ብሉ ናይል ፍሎውዝ አውት ኦቭ ሌክ ጣና» የሚለው ዓረፍተ ነገርም በሲምፕል ፕረዘንት የሚቀመጠው የማያቋርጥ እውነት ስለሆነ ነው።

ልዩነቱ የሰዋስው ጌጥ ብቻ አይደለም። ክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ይህ ሥርዓት ስለሆነ «ዊሜን ዱ ኖት ኢንተር» መባል አለበት። «ዊሜን አር ኖት ኢንተሪንግ» ካሉ ግን እንግዳዋ ክልከላው የዛሬ ብቻ መስሏት ነገ ልምጣ ብትል አይፈረድባትም።

ፐርፌክቱ ላይ፣ ማለትም «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» የሚገባበት ቅርጽ ላይ ስንደርስ አማርኛው ራሱ ያሳስተናል። «ትናንት ጉማሬ አይቻለሁ» ብንል ማንም አይታዘበንም፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ሃቭ ሲን» ካልን «የስተርዴይ»ን አብረን መጥራት አንችልም፤ ቀኑ ከተጠራ «አይ ሶው» ነው። «ከጠዋት ጀምሮ እየቀዘፈ ነው» የሚለውንም ቃል በቃል ወስደው «ሂ ኢዝ ሮዊንግ ሲንስ ሞርኒንግ» ይላሉ፤ «ሲንስ» ወይም «ፎር» የጀመረበትን ጊዜ ወይም የቆየበትን ርዝመት ሲጠቁም ግን «ሂ ሃዝ ቢን ሮዊንግ» ነው የሚፈለገው። ከዚህ የሚወጡት እንደ «ኖው» (ማወቅ) ያሉ የዕውቀትና የስሜት ግሦች ናቸው፤ እነሱ ኮንቲኒዩስን ስለማይወዱ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዜጌን የሚያውቅ አስጎብኚ «አይ ሃቭ ኖውን ዜጌ ሲንስ ቻይልድሁድ» ይላል። ይህን ለማስያዝ፣ ተማሪዎቼ ሕጉን ከማንበብ ይልቅ በየዕለቱ ለእንግዳ የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገር ራሳቸው እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ከዚያም ግሡን ከጊዜ ገላጩ ቃል ጋር አብረን እናስተያያለን።