ባላንስ ያላስተካከለው የመሪ ንዝረት

በአንድ የተሽከርካሪ ጥገና ጋራዥ ውስጥ የደንበኞችን ቅሬታ ተቀብሎ ወደ ሥራ ትእዛዝ በሚለውጠው ክፍል ስሠራ፣ ከጎማና ከቸርኬ ጋር የተያያዙ ቅሬታዎች ከሌሎቹ ይልቅ ተመልሰው እንደሚመጡ አስተውዬ ነበር። ሞተሩ አልነሣ ያለው ሰው ችግሩ ተፈትቶለት ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይቀራል፤ መኪናዬ ይንዘራል፣ ወደ አንድ ወገን ይስባል ወይም ያጉረመርማል ብሎ የመጣ ሰው ግን ከፍሎ ከሄደ በኋላ ያንኑ ቅሬታ ይዞ ሲመለስ ማየት የተለመደ ነበር። የዚህን ምክንያት ከሁሉ አጉልቶ ያሳየን አንዲት ደንበኛ ያመጡት መኪና ነው።

ደንበኛዋ ከፊት ሁለት አዲስ ጎማዎች ካስገጠሙ ብዙም አልቆዩም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ መሪው መንዘር ይጀምርና 90 ላይ እጃቸውን እስኪያደነዝዝ ይበረታል፤ 110 ሲያልፉ መልሶ ይቀንሳል። ወደ ጋራዡ ሲመጡ ግን ይህን ሁሉ አልተናገሩም፤ «ባላንስ ይሠራልኝ»፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል ይሁንልኝ፣ ነው ያሉት፤ በሥራ ትእዛዙ ላይ የሰፈረውም «የፊት ጎማ ባላንስ» የሚል ብቻ ነበር።

ግምታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። ዙሪያው ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ የአነስተኛ መኪና ጎማ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰከንድ 12 ጊዜ ተኩል ያህል ይሽከረከራል። በ15 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ በአንዱ ወገን 30 ግራም ብቻ ቢበዛ፣ በዚያ ፍጥነት የ3.5 ኪሎ ግራም ክብደትን ያህል ኃይል ጎማውን በየዙሩ ወደ ውጭ ይጎትተዋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ንዝረቱ በተወሰነ የፍጥነት ክልል ብቻ ጎልቶ የሚሰማውም የጎማው ዙር በዚያ ፍጥነት ከመኪናው የፊት እግር (ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር ከሚያያይዙት ክፍሎች) እና ከመሪው አካላት የራሳቸው የመወዛወዝ ምት ጋር ስለሚገጥም ነው። አዲስ ጎማ፣ የሚንዘር መሪና 90 ኪሎ ሜትር አንድ ላይ ሲነሡ ማንኛውም ባለሙያ በመጀመሪያ የሚያስበው ባላንስን ነው።

ጎማዎቹ ወርደው በባላንስ ማሽኑ ላይ ተፈተሹ፤ የጎደለው ክብደት ተለጠፈ፤ ማሽኑ በሁለቱም ወገን ዜሮ አሳየ፤ መኪናው ተመለሰ። ደንበኛዋ ቅሬታቸውን ይዘው ሲመጡ ሥራው እንደገና ተሠራ፤ ማሽኑም እንደገና ዜሮ አሳየ። በሦስተኛው ምልልስ ደንበኛዋ ሌላ ባላንስ አልጠየቁም። ጎማዎቹ ከፋብሪካ ጉድለት እንዳለባቸው የሚገልጽ ወረቀት ተጽፎላቸው ወደ ሻጩ ሊመልሷቸው ነበር የፈለጉት።

ወረቀቱ ሳይጻፍ የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ወደ መቀበያው መጥቶ ከደንበኛዋ ጋር ተነጋገረ። ስለ ጎማዎቹ አንድም ነገር አልጠየቀም።

«ከመጀመሪያው ባላንስ በኋላ ንዝረቱ እንደነበረው ነው የቀጠለው ወይስ ተለውጦ ነበር?» አላቸው።

«መጀመሪያ ቀለል ብሎልኝ ነበር፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን ጭራሽ ባሰበት» አሉ።

«ጎማ በቀየሩበት ሰሞን በመኪናው ላይ ሌላ የተሠራ ሥራ ነበር?»

«የፊት ፍሬን ሸራ ሌላ ቦታ አስቀይሬአለሁ። በዚያው ሳምንት ነው።»

መካኒኩ ለእኛ ያስረዳው ነገር ቀላል ቢሆንም እስከዚያ ድረስ ማንም አላሰበውም። የባላንስ ማሽን ጎማውን የሚይዘው በራሱ ንጹሕ ዘንግና ሾጣጣ መያዣ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጎማው ራሱ ሚዛኑን የጠበቀ መሆኑን እንጂ በመኪናው ላይ ሲገጠም እንዴት እንደተቀመጠ ሊያውቅ አይችልም። ጎማው ሁለት ጊዜ ዜሮ አሳይቶ ሳለ ንዝረቱ ግን ጎማው በተፈታና በተገጠመ ቁጥር ከተለዋወጠ፣ በሁለቱ ጊዜያት መካከል የተለወጠው የአገጣጠሙ ሁኔታ ብቻ ነው። በእኔ እይታ የጉዳዩ ቁልፍ «ቀለል ብሎልኝ ነበር፤ ከዚያ ባሰበት» የሚለው የደንበኛዋ ቃል ነበር፤ በየትኛውም የሥራ ትእዛዝ ላይ ግን አልተመዘገበም።

ጎማው ወርዶ ቸርኬው የሚያርፍበት የብረት ገጽ ሲታይ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ነበር። የፍሬን ሸራው ሲቀየር የተፈረፈረው ዝገት ሳይጠረግ ቀርቶ፣ በኋላ ጎማ በተገጠመ ቁጥር በቸርኬውና በዚያ ገጽ መካከል እየገባ ይጨፈለቅ ነበር። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት በአንድ ወገን ቢገባ እምብዛም አይመስልም፤ ነገር ግን የመቀመጫው ገጽ ስፋት 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ ያቺው ዝንባሌ በጎማው ውጫዊ ዳር ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ የግራና ቀኝ መወላገድ ትሆናለች። ይህ በየሰከንዱ 12 ጊዜ ሲደጋገም መሪው ላይ ያለ እጅ የሚሰማው በትክክል ደንበኛዋ የገለጹትን ነው።

ከንዝረቱ ይልቅ ያሳሰበን ግን ዳዶዎቹ ናቸው። ጎማውን የሚይዘው ዳዶዎቹ ቸርኬውን ወደ መቀመጫው የሚጫኑበት ኃይል ነው፤ በመካከል ዝገት ወይም ወፍራም ቀለም ካለ በጉዞው ውስጥ እየተፈረፈረ ይሳሳና ያ ጭነት ሳይታወቅ ይቀንሳል። በሁለቱም ጊዜ በአየር በሚሠራ መፍቻ እስኪበቃ ድረስ የጠበቁ የመሰሉት ዳዶዎች የጥብቀቱን ልክ በሚለካ መፍቻ (በቶርክ ሬንች) ሲፈተሹ፣ ከአምስቱ ሁለቱ የታዘዘው ልክ ላይ ሳይደርሱ ገና ይዞሩ ነበር። ሥራው ለሦስተኛ ጊዜ እንደገና ባላንስ ተብሎ ቢያልፍ ኖሮ መኪናው በዚያው ሁኔታ ወደ መንገድ ይወጣ ነበር።

ገጹና የቸርኬው ጀርባ በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሑ ብረት ጸድቶ፣ ዳዶዎቹ በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎም ተከታታዩን እየዘለሉ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ አምራቹ ባዘዘው ኃይል ጠበቁ፤ ይህ ለብዙ አነስተኛ መኪኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ንዝረቱ ጠፋ። ደንበኛዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና እንዲፈተሹላቸው ተነገራቸው፤ መጥተው ሲታይ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ጎማዎቹ ወደ ሻጩ የሚመለሱበት ምክንያትም ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በመቀበያው የሚሞላው ቅጽ ተለወጠ። የመጀመሪያው መስመር ላይ መፍትሔ መጻፍ ቀርቶ ባለቤቱ የሚሰማው ነገር በራሱ አነጋገር ይሰፍራል፤ ንዝረቱ በመሪው ነው ወይስ በወንበሩ፣ በስንት ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ ፍሬን ሲያዝ ይለወጣል ወይ፣ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው ሥራ ምን ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ጠዋት ወረፋው ሲረዝም አንዳንድ ባልደረቦች ይህ ጊዜ ይፈጃል ብለው ያማርራሉ። በእርግጥ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያው ጎማ ሦስት ጊዜ ሲወርድና ሲወጣ ከሚባክነው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ግን ቅሬታው አያሳምነኝም።

ቅጹ ከንዝረት ውጭ ላሉ ቅሬታዎችም ጠቅሟል። አንድ ደንበኛ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራልኝ ብሎ መጥቶ ነበር፤ «ወደ ቀኝ ይስባል፣ ጎማ ከተቀየረ ወዲህ» ተብሎ ሲመዘገብ መካኒኩ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያየራቸው፤ መኪናው ወደ ግራ መሳብ ሲጀምር ጥፋቱ የጎማው የራሱ አሠራር እንጂ የአላይመንት እንዳልሆነ ታወቀ። ሌላው ኩሽኔታ (ጎማው ተደግፎ የሚሽከረከርበት ክፍል) ይቀየርልኝ ያለው ሰው የሰማው ጉርምርምታ ለስላሳ አስፋልት ላይ ሲወጣ ይቀንስ ነበር፤ መንገድ ሲለወጥ የሚለወጥ ድምፅ ደግሞ ከኩሽኔታ ይልቅ ወደ ጎማ ይጠቁማል፤ እንደተባለውም ጎማው በየቦታው ጎድጎድ ብሎ ተበልቶ ተገኘ። ጠዋት ጠዋት ብቻ የጎማ ነፋስ ማነሱን የሚያስጠነቅቀው መብራት እየበራ የሚያስቸግራቸውም ጥቂት አይደሉም፤ አየሩ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት በ0.1 ባር ያህል ስለሚቀንስ፣ ቀድሞውኑ ከልኩ ዝቅ ያለ ጎማ በጠዋት ከመብራቱ ወሰን በታች ይገባል። የእነዚህ ችግር ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱን በልኩ በመሙላት ያበቃል።

ይህ ሁሉ ጥያቄ የማይደረግበት አንድ ቅሬታ ብቻ አለ። በጎማው ጎን ላይ እንደ እባጭ የወጣ ነገር ካለ፣ ጉድጓድ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ውስጡ ያሉትን ክሮች በጥሶ ነፋሱ ወደ ውጭ እየገፋ ነው ማለት ነው፤ ያ ጎማ አይለጠፍም፣ ባላንስም አይሠራለትም። መኪናው ከመቀበያው ሳይንቀሳቀስ ጎማው ወርዶ ትርፍ ጎማው ይገጠማል፤ ቅጹ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።