የእበት ጋዝ፣ የዛገ ብረትና የቤቴ ጄኔሬተር

ሰሞኑን መብራት በጠፋበት ምሽት ጄኔሬተሬ ከመሸ ጀምሮ እስክንተኛ ድረስ በላሞቼ እበት ጋዝ ሠራ። የወተት ማቀዝቀዣው አልቆመም፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን አጠኑ፣ ባትሪውም ሞላ። ቤንዚን የነካሁት ለማስነሻ ብቻ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ሌላም ምክንያት አለ። እዚህ እስክደርስ ከደከምኩት ድካም አብዛኛው የሄደው ጋዙን በማምረት ላይ አይደለም፤ ሞተር ከሚበላው ድኝ በማጥራት ላይ ነው። ስለ ማምረቱ የሚያስተምር ሰው ሞልቷል፤ ስለ ማጥራቱ ግን በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር።

አጀማመሩን በአጭሩ ልለፈው። ባዮጋዝ፣ ማለትም የእበት ጋዝ፣ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አምቦ የእርሻ ኮሌጅ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ጋዙን እያመረተ የእርሻ መሣሪያዎች ለመበየጃ ይጠቀምበት ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም «ስንዱ» የተባለውን ባለ ጉልላት የግንብ ማብላያ (እበቱ አየር ሳያገኝ ተብላልቶ ጋዝ የሚሰጥበትን ጉድጓድ) በየገጠሩ አስተዋውቋል። ቦታና ገንዘብ ላለው ሰው ከግንቡ የተሻለ የለም፤ ዕድሜው ረጅም ነው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ጠባብ ግቢ ስላለኝ በቦይ ውስጥ የሚዘረጋውን ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት መረጥኩ። ቶሎ ይተከላል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ነገር ግን ዶሮም፣ ሹል ድንጋይም፣ ፀሐይም ጠላቱ ስለሆኑ አጥርና ጥላ ያስፈልገዋል።

አመጋገቡ ቀላል ነው። ትኩስ እበትና ውሃ እኩል በእኩል ተበጥብጦ፣ ገለባውና ድንጋዩ ተለቅሞ ይገባል። በመጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አይነድም፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና ተስፋ ሳትቆርጡ ልቀቁት። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት ቢበዛ ወደ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ባክቴሪያዎቹ በጣም የሚስማማቸው ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር በዚህ በኩል ታድላለች፤ ደብረ ብርሃን ወይም ደባርቅ ያላችሁ ግን ማብላያውን በገለባና በአፈር ሸፍናችሁ ከብርድ ካላዳናችሁት ጋዙ ይቀንስባችኋል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አተላና ስለ እንቦጭ ነው። አተላ መጀመሪያ ለላም ነው የሚገባው ብዬ አምናለሁ፤ ላሟ ወተትም እበትም አድርጋ ትመልሰዋለች። ማብላያ ውስጥ በብዛት ከገባ ውስጡን ያኮመጥጠዋል፣ ጋዙም መንደዱን ያቆማል። ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ግን ጥሩ ምግብ ነው። እንቦጭ ጋዝ መስጠቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ከጣና ዳር ተሸክሞ ለሚያመጣ ሰው ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል። በደንብ ካልተከተፈም ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ይጋገራል። ላም በጓሮዬ እያለ እኔ አልሞክረውም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር አብዛኛውን በሙቀት መልክ ያባክነውና ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ መብራት አድርጎ ይመልሳል። ለዚያች አንድ ኪሎዋት ሰዓት 25 ኪሎ ያህል እበት መቅረብ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጋዝ የኤሌክትሪክ ምጣድ አስነሳለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ከወዲሁ ይቅርብህ እለዋለሁ። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል። ጋዙ በምድጃ ሲነድ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፤ ለጄኔሬተር የሚቀመጠው ለክፉ ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም ቤት እንጀራ የሚጋገረው እስካሁን በእንጨት ነው፤ ይህ ይቆጨኛል።

የባሰው ችግር የጀመረው ሞተሩ ላይ ነው። ከእበት የሚወጣ ጋዝ ውስጥ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው፣ ድኝ ያለበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ። ምድጃ ላይ ሲቃጠል ሽታው ስለሚጠፋ ማንም ትዝ አይለውም። ሞተር ውስጥ ግን ሲቃጠል የሚፈጠረው የድኝ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆንና የሞተሩን ዘይት ያበላሻል። ያልተቃጠለው ደግሞ መዳብና ነሐስ ያለበትን ክፍል ሁሉ ይበላል። የካርቡሬተሩን ትንንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች አውጥቼ ሳያቸው እንደ ከሰል ጠቁረው ነበር። ዘይቱ ጊዜው ሳይደርስ ወፍሮ ሽታው ተለውጧል። ጋዝ በብዛት እያለኝ ሞተሩን ለማስነሳት እጄ ያልደፈረበት ወቅት ነበር፤ ያ ነው በጣም ያበሳጨኝ።

መፍትሔው የዛገ ብረት ነው። ዝገት ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ይዞ ወደ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ይለወጣል፤ ጋዙ ያልፋል፣ ድኙ ይቀራል። ሰዎች የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተጠቀም ይላሉ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የማይዝግ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። ከሁሉ የሚሻለው ቶርኖ ቤት ወለል ላይ የሚወድቀው ተጠቅልሎ የሚወጣ የብረት ፍቅፋቂ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው በነጻ ይሰጧችኋል። ዘይት ስላለበት በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ቆርቆሮ ላይ አስጥታችሁ፣ የጨው ውሃ እየረጫችሁና እያገላበጣችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ ድረስ አዝጉት። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ ግማሽ የዛገ ብረት ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

አሁን የታገልኩበት ቦታ ላይ ደረስን። ማጣሪያዬ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጋዙ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል። ብረቱ ጠቅጠቅ ተደርጎ ሲሞላ ጋዙ ይጠራል፣ ነገር ግን ማለፍ ያቅተዋል። የፕላስቲክ ከረጢት ግፊቱ ውሃን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ላይ የሚገፋ ስለሆነ የሚያሸንፈው መሰናክል ትንሽ ነው። ማቀዝቀዣው በተነሳ ቁጥር ሞተሩ ጋዝ ይራብና ይጠፋል። ብረቱን ላላ ሳደርገው ደግሞ ጋዙ በሰፊው ቀዳዳ በኩል ሳይጠራ ያልፋል። በአንዱ ሲስተካከል በሌላው ይበላሻል። ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ ሳይቀር ስለዚህ ቧንቧ አስብ ነበር።

መውጫ ያገኘሁት ከእንጨት ሥራ ቤት ነው። ከመላጊያ የሚወጣውን ስስ የእንጨት ልጣጭ ከዛገው ብረት ጋር ስቀላቅለው ብረቱ እርስ በርሱ አይጣበቅም፣ ጋዙም በየመሃሉ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ልጣጩ እርጥበት መያዙም ሌላ ጥቅም ነው፤ ዝገት ድኝን በደንብ የሚይዘው ሲረጥብ ነውና። ፋብሪካዎችም ከጥንት ጀምሮ የብረት ዝገትን ከእንጨት ልጣጭ ጋር ቀላቅለው ጋዝ ያጠሩበት እንደነበር በኋላ አነበብኩ። የዱቄት ያህል የደቀቀ ሰጋቱራ ግን አትጠቀሙ፤ ይደፍነዋል። የማጣሪያውን መግቢያና መውጫ ውሃ ባለበት የታጠፈ ብርሃን አሳላፊ ጎማ አገናኙ። በሁለቱ ክንዶች ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት እየሰፋ ከሄደ ማጣሪያው እየታፈነ ነው።

የማጣሪያውን ዕድሜ የምለካበት ዘዴ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። ሁለት ማጣሪያዎች ተከታትለው ይቆማሉ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠች ቁራጭ መዳብ በሸካራ ወረቀት እስክታበራ ተወልውላ በመካከላቸው ባለው ብርሃን አሳላፊ ጎማ ውስጥ ትገባለች፤ ሌላዋ ከሁለተኛው በኋላ። ከማጣሪያው በፊት ባለው ጋዝ ውስጥ ብትቀመጥ መጀመሪያ ወርቅማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር ትሆናለች። የመካከለኛዋ መጥቆር ስትጀምር የፊተኛው ማጣሪያ ሞልቷል ማለት ነው። እሱን አውጥታችሁ ኋለኛውን ወደ ፊት፣ አዲሱን ወደ ኋላ አድርጉ። የመጨረሻዋ መዳብ እንዳበራች መቆየት አለባት። በአፍንጫችሁ አትመኑ፤ ይህ ጋዝ ሲበዛ ማሽተትን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰውም ወደ ማብላያ ጉድጓድ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

የጠቆረው ብረት አይጣልም። አየር ሲያገኝ ድኙን ለቅቆ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል። ነገር ግን ሲመለስ ኃይለኛ ሙቀት ያወጣል፤ ደርቆ ከተከመረ ከእንጨት ልጣጩ ጋር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ከቤትና ከገለባ ርቆ፣ ቆርቆሮ ላይ ስስ ተደርጎ ተሰጥቶ፣ ውሃ እየተረጨ ነው መታደስ ያለበት። ከጥቂት እድሳት በኋላ ብጫ ድኝ ሸፍኖት አቅሙ ስለሚያልቅ በአዲስ ይተካል።

ስለ ሌሎች ዘዴዎች አቋሜን ልናገር። በኖራ ውሃ ማሳለፍ ብዙ ይወደሳል። ኖራው ግን አብዛኛውን አቅሙን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመያዝ ይጨርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ሞተሩን አይጎዳም፣ ጉልበቱን ይቀንሳል እንጂ። ጠላታችን ያልሆነውን እየተዋጋን ጠላታችንን ማሳለፍ ነው። ትላልቅ ማብላያዎች ላይ ትንሽ አየር ወደ ጋዙ በማስገባት ባክቴሪያዎች ድኙን እንዲበሉት ይደረጋል፤ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ነገር ግን መለኪያ በሌለበት ጓሮ ውስጥ አየርን ከሚነድ ጋዝ ጋር መቀላቀልን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ይፈነዳል።

ሞተሩ ራሱ ብዙም አላስቸገረኝም። በአየር ማጣሪያውና በካርቡሬተሩ መካከል ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ገብቶ ጋዙ በመዝጊያ በኩል ይመጣል። በቤንዚን ታስነሱታላችሁ፣ የቤንዚኑን መዝጊያ ትዘጋላችሁ፣ ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር የጋዙን ቀስ እያላችሁ ትከፍታላችሁ። ጆሮ ይለምደዋል። ጉልበቱ በቤንዚን ከሚሰጠው ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ የባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታም የራሱን ይቀንሳል። ጋዙ ሞተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ አሳልፉት፤ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ጭሱ ገዳይ ስለሆነም ጄኔሬተሩ ምንጊዜም ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም።

ሌላው ምክሬ ለአንድ አምፖል ብላችሁ አታስነሱት የሚል ነው። ሞተር ትንሽ ሲጫንበትም የሚበላው ጋዝ ብዙም አይቀንስም። እኔ ማቀዝቀዣውን፣ ባትሪ መሙያውንና የውሃ መሳቢያውን አንድ ላይ አሠራለሁ፤ ከዚያ አጥፍቼ ሌሊቱን በባትሪው አድራለሁ። ለመብራት ብቻ ከሆነ የፀሐይ ሰሌዳ ይረክሳል፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ደመናው ለቀናት በማይገለጥበት ክረምት ግን የፀሐዩን ሰሌዳ ተማምኖ ወተት የሚያሳድር ሰው ያሳዝነኛል።

ገና ያልተፈታልኝ የጭነቱ መለዋወጥ ነው። ማቀዝቀዣው ሲነሳና ሲቆም የጋዙን መዝጊያ በእጄ እያስተካከልኩ ከጎኑ መቆም አለብኝ። የጋዝ ምድጃ የግፊት መቀነሻን ሞክር ያለኝ ነበር፤ እሱ የሚሠራው በከፍተኛ ግፊት ስለሆነ ለከረጢት ጋዝ አይሆንም። ሞተሩ ሲምጠው ብቻ የሚከፈት መቆጣጠሪያ ከላስቲክና ከቆርቆሮ ለመሥራት ጀምሬያለሁ። ከእናንተ መካከል በዝቅተኛ ግፊት ይህን ያሳካ ሰው ካለ የላስቲኩን ስፋትና ያስገባውን የስፕሪንግ ሽቦ ጥንካሬ ይንገረኝ፤ እኔም የማጣሪያውን ንድፍ ከነልኩ እሰጠዋለሁ።