ስልክ እያጸዱ ወደ ደሴ

ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን መንገድ ተኝቼ ነው ያለፍኩት፤ ጣርማ በርንም አላየሁም። የቀሰቀሰኝ የረዳቱ ድምፅ ነው። «ስልካችሁን አጽዱ፤ ኬላ ልንደርስ ነው» እያለ በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት መጀመሪያ ቴሌግራሟን አጠፋችው። ከዚያ ፎቶዎቿን ከፍታ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረች። አንዱ ላይ ጣቷ ቆመ፤ ኮከብ የሌለው ባንዲራ የታተመበት ቲሸርት የለበሰ ልጅ ይስቃል። ሳልጠይቃት «ወንድሜ ነው፤ ዓረብ አገር ነው ያለው» አለችኝና እሱንም አጠፋችው።

እኔ የምሄደው ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው። አዳማ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። የሰው ቤት፣ አካልና ንብረት እንዲሁ እንደማይፈተሽ፣ ደብዳቤውም የስልክ ግንኙነቱም እንደማይደፈር፣ ገደብ ቢደረግም በሕግ ብቻ እንደሆነ ለልጆቹ አስረዳለሁ። ሁሌ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ይሄ በተግባር አለ?» ይለኛል።

ኬላው ላይ ወንድና ሴት ለየብቻ ተሰለፍን። ሻንጣ ተከፈተ፣ ኪስ ተዳበሰ። በዚህ ቅር አይለኝም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ምን እንዳዩ የማያውቅ የለም፤ የመንግሥት ኃይሎች ከተሞቹን መልሰው እስከያዙበት እስከ ኅዳር 27 ድረስ አክስቴ ቤቷን ጥላ ተሰዳ ነበር። መንገድ ላይ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ምክንያት አለው። ስልክ ውስጥ ግን ጠመንጃ አይደበቅም።

«ክፈተው» አለኝ ፈታሹ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ክፈተው ነው የተባልከው።»

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ ወይ?» አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ልጁ ከተማሪዎቼ ብዙም አይበልጥም። አልተቆጣም፤ ግራ ገባው እንጂ። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። መታወቂያዬን ያዘና «እዚያ ጋ ቁም» አለኝ።

ቆሜ የተቀሩትን ሳይ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ያኔ ያየሁት ነው። ተራው የደረሰ ሁሉ «ክፈት» ሳይባል ስልኩን ከፍቶ ይዘረጋል። አንድ ሽማግሌ በቁልፍ የምትሠራ ትንሽ ስልካቸውን ሳይቀር ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡ።

ሰዉ ተሳፍሮ አለቀ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ፣ ረዳቱ «እንሂድ» አለ። ያን ጊዜ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከመኪናው ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። «ሰው ጥለን የት ነው የምንሄደው?» አሉ። ረዳቱ ለመናቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። ቀስ በቀስ ሌሎችም ወረዱ። ሴትየዋ እየደጋገሙ «አብሽር ልጄ» ይሉኛል። ስማቸውን እንኳ አላውቅም። በዚህ ጉዞ ካየሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

በመጨረሻ አለቃው መጣ፣ ስልኩንም ከፈትኩለት፤ በእኔ ምክንያት ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከባለቤቴ ጋር የተጻጻፍነውን ወደ ላይ እየገፋ አነበበ። ስለ እናቷ ሕመም የጻፈችልኝን ሳይቀር አነበበ። ከዚያ «ሂድ» አለኝ።

ከዚያ እስከ ሐርቡ ድረስ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። በአማራ ክልል ላይ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር የወጣው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 አጸደቀው፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በአራት ወር አራዘመው፤ ግንቦት ሲያልቅ ጊዜው አበቃ። አዋጁ ከባድ ነበር፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መፈተሽን ፈቅዷል። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ለእንዲህ ያለ ሥልጣን ልጓም አበጅቶለታል። የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ከስድስት ወር አይበልጥም፣ ማራዘም ካስፈለገም በየአራት ወሩ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ቦርዱ ሥራውን በወጉ ሠራ አልሠራ ሌላ ክርክር ነው፤ ቢያንስ የት ሄዶ አቤት እንደሚባል ይታወቅ ነበር። እኔ ስልኬን የከፈትኩት አዋጁ ካበቃ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለዚህ ፍተሻ የአዋጅ ቁጥር የለውም፣ ማብቂያ ቀን የለውም፣ ቦርድም የለውም።

ደሴ ስንገባ መሽቷል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ወዳለው የአክስቴ ቤት የሚወስደኝ ባጃጅ አጣሁ። የተገኘው አንዱ አጠገባችን እስካለው ሆቴል 400 ብር አለኝ። በቀን 50 ብር የማይሞላ መንገድ ነው። ስጨቃጨቅ «ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ከተያዝኩ ታርጋዬ ይፈታል። እሱን ማን ይከፍልልኛል?» አለኝ። ከፈልኩ፤ የሚናገረው እውነት መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል።

ሆቴሉ 1,200 ብር። ብርድ ልብሱ ስስ ነው፤ የጦሳ ብርድ ደግሞ ለአዳማ ሰው አይቻልም። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዬን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለሆነ ሰው ላከችው። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ለጸጥታ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ገብተው አልጋ ሥር አዩ፣ ከየት እንደመጣሁና ለምን እንደመጣሁ ጠየቁ፣ ወጡ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ግን አዳማ ሌሊት በሬ ከተንኳኳ ጎረቤት ታሟል ማለት ነው፤ ልብሴን እየለበስኩ ነው የምከፍተው። እዚያ እስኪነጋ እግሬ ሳይሞቅ ተቀምጬ አደርኩ።

ጠዋት አክስቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። አቦሉን እየጠጣን ሁሉንም ነገርኳት። በደርግ ጊዜ ራቅ ወዳለ አገር ለመሄድ ከቀበሌ ይለፍ ታወጣ እንደነበር አስታወሰችኝ። «ያኔ ወረቀቱን አይቶ ይመልስልሃል፤ የልብህን አያነብም» አለች። እሷ አሁን ኮምቦልቻ ስትወርድ ስልኳን ቤት ትታ ነው የምትሄደው።

ሠርጉ ኮምቦልቻ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ሙቀቱ አገሬ የገባሁ አስመሰለኝ። እንደ ወሎ ደንብ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ድግስ ለየብቻ ተደግሶ ሁሉም በአንድ ድንኳን ተቀምጧል። ጭፈራው ሊደምቅ ሲል ግን የደሴ እንግዶች ሳይመሽ ለመግባት ተነሡ፤ ሙሽሮቹ ግማሽ ባዶ ወንበር እያዩ ቀሩ።

እዚያ ከአንድ የሕግ ጠበቃ ጋር ተቀመጥን። የሚከብደው ፍተሻው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንደሆነ ነገሩኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከቀረበ በኋላ ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አለ፤ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ሰውየው ታስሮ እንዲቆይ ዳኛ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ጊዜ ቀጠሮ ይፈቅዳል፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን አልገደበም። አንዱ 14 ቀን ሲያልቅ ሌላ 14 ቀን ይጠየቃል። ሰው ክስ ሳይመሠረትበት ወራት የሚቀመጠው በዚህ በር ነው። ጭራሽ ፍርድ ቤት ላልቀረበ ሰው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ አካልን ነጻ ማውጣት የሚባል፣ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበት አቤቱታ አለ። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ አቤቱታ መኖሩን ሳያውቅ በር ለበር እየዞረ ሲለምን ይከርማል አሉኝ።

ስንለያይ የመከሩኝን ለእናንተም ላድርሰው። ኬላ ላይ ቢያስቆሟችሁ ድምፃችሁን ሳታነሡ ማን እንደያዛችሁና በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቁ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ያዙ። ከመነሣታችሁ በፊት ቤተሰብ የት መስመር ላይ እንደሆናችሁ ይወቅ። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ አጥኑ፤ ስልኩ ሲወሰድ ቁጥሩም አብሮ ነው የሚሄደው።